በማን ቆዳ?

አንድ አዲስ ኬሚካል ከፋብሪካ ሲወጣ ጥያቄ ይከተለዋል፤ የሠራተኛውን እጅ ያቃጥል ይሆን? ለመሆኑ ይህን ለማወቅ መቃጠል ያለበት የማን ቆዳ ነው?

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የሽፋሽፍት ማቅለሚያ የሴቶችን ዓይን አጠፋ። በ1938 ጥብቅ ሕግ ወጣ። በ1944 ደግሞ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባልደረባ ጆን ድሬዝ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የጥንቸል ፍተሻውን ሥርዓት አስያዘው። የጥንቸሏ ጀርባ ይላጫል፤ ግማሽ ሚሊ ሊትር ኬሚካል ይደረግበታል፤ መቅላቱና ማበጡ በነጥብ ይመዘናል።

እንግዲህ ፍተሻው ከጭካኔ አልተወለደም። ሰውን ለማዳን ተብሎ የመጣ ነው። መከራከሪያውም «ሌላ ምን መንገድ አለ?» የሚል ነበር። ክብደት ያለው ክርክር ነው፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ የተገኘ ዕለት ያበቃል።

መንገዱም ተገኝቷል። ከሰው የቆዳ ሕዋሳት በላቦራቶሪ የሚበቅል ስስ ቆዳ ለዚሁ ፍተሻ እንዲያገለግል የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2010 መመሪያ አጽድቋል። የጥንቸል ቆዳ ከሰው ቆዳ ስለሚለይ መልሱ ሁልጊዜ ለእኛ አይሠራም ነበር።

እርግጥ ነው፣ በብልቃጥ ያደገ ቆዳ ኬሚካሉ ወደ ደም ዘልቆ ጉበትን ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። እዚያ ላይ ክርክሩ ገና አላለቀም። «ቆዳ ያቃጥላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ጥንቸሏን ማሰር ችግር ያመጣው ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ችግር ያስገደደው ሰው ይቅርታ ይገባው ይሆናል፤ ችግሩ ካለፈ በኋላ በልማድ የሚያሠቃይ ግን በምን ያመካኛል?