የሚቆለፍና የሚገለጥ

ባለፈው ክረምት አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ ትሁት ሰው ነው። “ባትሪውስ እንዴት ነው?” ብለው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። 100 ፐርሰንት ይላል። “ያው ዐይንህ እያየ!” አለኝ። ዐይኔ አየ፤ ከፈልኩ። ማታ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላው እሱም ድርግም አለ።

ዋሸኝ እንዳልል 100 ፐርሰንቱ እውነት ነው። ግን የምን 100? ዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት ብትጠይቁት ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ባትሪው ሲሠራ እንዲይዝ የታሰበውንና ዛሬ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘውን። የእኔው ሲሠራ 50 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ነበር፤ አሁን 18 ሺህ ቀርቶታል። ስክሪኑ ላይ የምናየው ፐርሰንት የሚሰላው ከዚህ ከተረፈው ነው። ቁና ሥር ጨርቅ ጎዝጉዞ ጤፍ እንደሚሰፍር ነጋዴ ማለት ነው፤ ቁናው ሞልቷል፣ ጤፉ ግን ጎድሏል።

የሊቲየም ባትሪ ማርጀቱ የማንም ጥፋት አይደለም። ሙቀትና ሁልጊዜ እስከ 100 ሞልቶ መዋል ያፋጥኑታል እንጂ፣ ቢጠነቀቁለትም ማርጀቱ አይቀርም። ጥፋቱ እርጅናውን መሸፈን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰውየው ለእኔ አዲስ መግቢያ ከፍቶልኝ የራሱን በፓስዎርድ ዘግቶ ነው የሄደው። ዲስኩን ለማጽዳት አውልቄ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ስሰካው ያ ፓስዎርድ ምንም አላገደኝም። የእናቱ የላብራቶሪ ውጤት፣ የእህቱ ፓስፖርት ቅጂ፣ አንድ ጓደኛው ስለ ትዳሩ ጭንቀት የጻፈለት ደብዳቤ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። በባትሪው ተናድጄ ስለነበር “ይበለው!” ብዬ ደብዳቤውን ግማሽ ገጽ አነበብኩ። ከዚያ አፈርኩ። የበደለኝ ሻጩ ነው፤ ደብዳቤውን የጻፈው ምስኪን ምን አደረገኝ?

ብዙዎቻችን ፓስዎርድ ካለ ዲስኩ የተቆለፈ ይመስለናል። አይደለም። ፓስዎርዱ የሚዘጋው በሩን ነው፤ ዲስኩ ሲወልቅ ግን ግድግዳው ፈረሰ ማለት ነው። ዲስኩን ራሱን የሚቆልፈው ኢንክሪፕሽን ነው፤ ያለውን ሁሉ ቁልፍ ለሌለው ሰው ትርጉም የለሽ ያደርገዋል። በዊንዶውስ ቢትሎከር የሚባለው ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 አንስቶ በአንዳንድ እትሞቹ ላይ አለ፤ በማክ ደግሞ ፋይልቮልት አለ። ቢትሎከር የሚሰጣችሁን ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከላፕቶፑ ርቆ ይቀመጥ። እሱም ፓስዎርዱም ከጠፋ ባለቤቱም አይገባም።

“የምደብቀው ነገር የለኝም” የሚል ሰው ይገጥመኛል። ይሁን፣ አንተ አይኑርህ። እናትህስ? እህትህስ? አምኖ የጻፈልህ ጓደኛህስ? ላፕቶፑ የአንተ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ግማሹ አደራ ነው። አደራን ደግሞ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ክፍት አይተዉም።

ታዲያ መደበቅ ነውር ነው ወይስ ጨዋነት? እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ብሸሽገው የሚጎዳው ማነው፣ ብገልጠውስ? የባትሪው እርጅና ሲሸሸግ የሚጎዳው ገዢ ነው፤ ስለዚህ ይገለጥ። ደብዳቤው ሲገለጥ የሚጎዳው የጻፈው ነው፤ ስለዚህ ይቆለፍ። ሻጬ ሁለቱን አገላብጦ ያዛቸው።

ዲስኩን ከማጽዳቴ በፊት ደወልኩለት። ፋይሎቹ ክፍት እንደነበሩ ስነግረው ሳቀ፤ “እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?” አለ። ስለ ባትሪው ሳነሳበት ግን ዝም አለ።

እንዳልፈርድበት ግን እኔም የምሸጠው አሮጌ ስልክ አለኝ። የባትሪው አቅም 71 ፐርሰንት እንደደረሰ ራሱ ስልኩ ይናገራል። ለገዢው ልነግረው ወስኛለሁ። ዋጋው ይወርዳል ብዬ ስሰጋ ግን ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው።