የመጀመሪያ እትም ለማን ይወጣል?

አንድ መጽሔት ሁለተኛ እትሙን ሲያወጣ ከመጀመሪያው ጋር እናስተያየዋለን፤ ሦስተኛውን ደግሞ ከሁለቱ ጋር። የመጀመሪያውን ግን ከምን ጋር? ጥያቄው የአዘጋጆች ጭንቀት ብቻ ይምሰል እንጂ ውስጡ የቆየ የፍልስፍና ጉዳይ አለ፤ መለኪያ በሌለበት መፍረድ ይቻላል ወይ የሚል። በባዶ ሜዳ ከመከራከር አንድ እትም ይዞ መነሣት ይሻላል። የማነሣው በማርች 2017 የወጣውን የቮግ አረቢያ የመጀመሪያ የኅትመት እትም ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፋሽን መጽሔቱ ቮግ ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተው በ1892 ነው። የዓረቡ ዓለም እትሙ ከ125 ዓመት በኋላ፣ መጀመሪያ በድረ ገጽ ከተሞከረ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጣ። ዋና አዘጋጇ ሳዑዲያዊቷ ልዕልት ዲና አልጁሃኒ አብዱልአዚዝ ነበሩ፤ ሪያድ ላይ ዲኤንኤ የተባለ የልብስ መደብር ከፍተው ስም ያተረፉ ሴት ናቸው። ሽፋኑ ላይ የወጣችው አሜሪካዊቷ ሞዴል ጂጂ ሐዲድ ናት። ፎቶውን ያነሡት ሆላንዳውያኑ ኢኔዝ እና ቪኑድ ናቸው። የልጅቷ ፊት ጌጥ በተሰፋበት ስስ መረብ ተሸፍኗል፤ ዓይኖቿ ከመረቡ ኋላ ሆነው ያያሉ።

ሽፋኑ እንደ ታየ ክርክሩ ተነሣ። ሂጃብ በየቀኑ የሚለብሱ ሴቶች በምዕራብ አገር ጎዳና ላይ በሚሰደቡበት ጊዜ፣ ሂጃብ የማትለብስ ሞዴል ለአንድ ቀን ፎቶ መከናነቧ ያስቆጣቸው ብዙዎች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ የፍልስጤማዊ ልጅ በቮግ ሽፋን ላይ መታየቷን እንደ ድል ቆጠሩት። ሁለቱም ወገን ግን የሚከራከረው በአንድ ሚዛን ነበር፤ «ይህች ፊት እኛን ትወክላለች ወይ?» እያለ።

ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት ስለ ፍርድ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይለያል። በአንደኛው ሕጉ አስቀድሞ በእጃችን አለ፤ የሚቀረን ነገሩን ከሕጉ ሥር ማስገባት ነው። በሌላው በእጃችን ያለው ነገሩ ብቻ ነው፤ ሕጉን ከእሱ ተነሥተን መፈለግ አለብን። ውበትን የምንፈርደው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። የመጀመሪያ እትምም የሚጠይቀው ይህንኑ ይመስለኛል። ሕግ የሌለበት ቦታ ግን ለተቺ አይመችም፤ ስለዚህ ከሌላ ቤት ይዋሳል። እዚህ ላይ የተዋሰው ከፖለቲካ ነው፤ ውክልናን።

ውክልና ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ሚዛን አይሆንም። የዓረብ ሊግ 22 አባል አገሮች አሉት። ሞሪታኒያዊቷ መለሕፋ ትጠቀለላለች፣ ሱዳናዊቷ ቶብ፣ ኩዌታዊቷ ዓባያ ትደርባለች፤ የቤይሩቷ ሴት ከሦስቱ አንዱንም ላትነካ ትችላለች። ለእነዚህ ሁሉ የምትቆም አንዲት ፊት የለችም። ማንም ሊያልፈው የማይችል ፈተና ማንንም አልፈተነም።

የቮግ አሳታሚዎች ይህን ችግር ከዚያ በፊት በድምር ሊፈቱት ሞክረው ነበር። በሴፕቴምበር 2005 የወጣው የቻይናው ቮግ የመጀመሪያ ሽፋን ዱ ጁዋንንና ሌሎች ቻይናውያን ሞዴሎችን ቢያሰልፍም አብራቸው አውስትራሊያዊቷ ጄማ ዋርድ ነበረች። በኦክቶበር 2007 የሕንዱ ሲጀመር ያችው ጄማ ዋርድ በቢፓሻ ባሱና በፕሪያንካ ቾፕራ መካከል ቆመች። ሕንድ፣ በሲኒማዋ ብቻ ሽፋን የሚያጨናንቁ ፊቶች ያላት አገር፣ ለመጀመሪያ እትሟ ከአውስትራሊያ ሰው አስመጣች! ነገሩ ስንፍና አይደለም። የፋሽን መጽሔት የሚኖረው በሽያጭ ሳይሆን በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያውን የሚሰጡት የፓሪስና የሚላኖ ቤቶች ናቸው። አንባቢዋ መጽሔቱን ከመግዛቷ በፊት እነሱ ገጹን ገዝተዋል። አዲስ እትም «እኛ ያው የምታውቁን ቮግ ነን» ብሎ ሊያረጋግጥላቸው ይፈልጋል። ጄማ ዋርድ ያች ማረጋገጫ ነበረች።

ከነገሩ ተነሥቶ የሚገኘው ሕግ እዚህ ላይ ብቅ ይላል። ሽፋኑ ማንን ይወክላል የሚለውን ትተን ማንን ያነጋግራል ብንል፣ ሊወድቅም ሊያልፍም የሚችል ጥያቄ እናገኛለን። እያንዳንዱ እትም አንባቢውን መርጦ ነው የሚወጣው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ምርጫውን የሚደብቅበት ልማድ ገና አላበጀም።

ወደ መረቡ እንመለስ። ነጠላ ለሚለብስ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ትከሻ ላይ ካረፈ ሐዘን ነው፣ መስቀለኛ ከተጣፋ ቤተ ክርስቲያን ነው። የውጭ ሰው ነጭ ጨርቅ ያያል፤ የአገሬው ሰው ሴትዮዋ ከየት እንደመጣች ያነባል። የባሕረ ሰላጤዋ ሴትም እንዲሁ የራስ መሸፈኛውን ሸይላ ከፊት መሸፈኛው ኒቃብ፣ ኒቃብን ደግሞ አሮጊቶች ከሚያደርጉት፣ በኢንዲጎ ተነክሮ እንደ ወርቅ ከሚያብለጨልጨው ቡርቁዕ ትለያለች። (በዓረብ አገር በየቤቱ ዓመታት ሠርተው ዓባያ ሲተኩሱ የኖሩ እህቶቻችንም ከብዙ የፋሽን ጸሐፊ ይልቅ ያውቁታል።) የጂጂ መረብ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ለጸሎት አይደረግም፣ ለለቅሶ አይደረግም፣ ገበያ አይወጣበትም። የሚያሳየው «መሸፈን» የሚለውን ሐሳብ ብቻ ነው፤ መሸፈንን እንደ ሐሳብ የሚያየው ደግሞ የማይሸፈነው ሰው ነው።

ፋሽን ፈጠራ ነው፣ ልማድን የመድገም ዕዳ የለበትም ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን ያፈነገጠ ልብስ ከምን እንዳፈነገጠ የሚታወቅ ሲሆን ነው ደስ የሚለው፤ ሪያድ ያለች ሴት በጥልፉ ወይም በአቆራረጡ «ይህስ አይደረግም ነበር!» ብላ ስትስቅ። እዚህ ግን የታየው መጣስም መጠበቅም አይደለም። ይልቅ የዚያን ክረምት ኒው ዮርክን እናስታውስ። በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሰባት አገር ዜጎች አሜሪካ እንዳይገቡ አዘዙ፤ ጂጂ ራሷ ከእህቷ ጋር ጎዳና ወጥታ ተቃወመች። የማርች ሽፋን ለዚያ ጎዳና መልስ ሆኖ ሲታይ ትርጉሙ ቁልጭ ይላል። መልሱ ያማረ ነው፤ ጥያቄው ግን የጂዳ አንባቢ ጥያቄ አልነበረም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። የጂጂ አባት በገሊላዋ ናዝሬት የተወለዱ ፍልስጤማዊ ናቸው። የፍልስጤም ታሪክ ደግሞ የስደት ታሪክ ነው። ከአባቷ አገር ርቃ ሎስ አንጀለስ ላይ የተወለደችን ልጅ «አንቺ ከእኛ አይደለሽም» ማለት፣ መሰደድን እንደ ጥፋት መቁጠር አይሆንም? ይሆናል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊም ይህን ስድብ ያውቀዋል። ለዚህም ነው በዘሯ መፍረድ የማልፈልገው። የኤፕሪሉ ሁለተኛ እትም ሽፋን ላይ የወጣችው ኢማን ሐማምም አምስተርዳም ላይ ከግብፃዊ አባትና ከሞሮኳዊት እናት የተወለደች ናት፤ መውጣቷም የዚያን ያህል ቁጣ አላስነሣም። ልዩነቱን የልደት ምስክር ወረቀት አይገልጠውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገሩን ያወሳስበዋል። ልዕልት ዲና ሁለት እትም አውጥተው በኤፕሪል 2017 ከኃላፊነታቸው ተነሡ፤ በቦታቸው ፖርቱጋላዊው ማኑኤል አርናውት ተተካ። የመጀመሪያ እትምን እንደ ቃል ኪዳን የሚያዩ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ ቃል የገባው ሰው ሄዷል፣ መጽሔቱ ግን አለ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ በኬንያ ካኩማ የስደተኞች መጠለያ የተወለደችው ሶማሊያዊት አሜሪካዊት ሐሊማ ኤደን በሂጃቧ ሽፋኑ ላይ ወጣች። በጁን 2018 ደግሞ የሟቹ ንጉሥ አብዱላህ ልጅ ልዕልት ሃይፋ በረሃ ላይ የመኪና መሪ ጨብጣ ታየች፤ ለመንዳት መብት ሲታገሉ የኖሩ ሴቶች ሜይ ላይ ታስረው ነበር። አንዱ ሽፋን ያስመሰግናል፣ ሌላው ያሳፍራል። ሁለቱም የመጀመሪያውን አያድኑትም፣ አይኮንኑትምም። ያ እትም የራሱ ሥራ ነው፤ በኋላ በሆነው አይመዘንም። በእኔ ፍርድ ሽፋኑ ያማረ ፎቶ ነው፤ እንደ መክፈቻ ግን ከሽያጭ መደርደሪያው ፊት የቆመችውን ሴት አልፎ ከኋላዋ ያለን ሰው ያያል።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ይመጣል። እንግሊዛዊቷ ሞዴል ናኦሚ ካምቤል በ2018 ሌጎስ ላይ ለአፍሪካም ቮግ ይገባታል ብላለች። ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ሊያ ከበደ በሜይ 2002 የፈረንሳዩ ቮግ አንድ ሙሉ እትም ሲሰጣት ኮርተን ነበር። ያ እትም ለእኛ አልተጻፈም፣ እንዲጻፍልን የምንጠይቅበትም ምክንያት አልነበረም፤ የፈረንሳይ መጽሔት ነውና። «የአፍሪካ» ተብሎ የሚወጣው ግን ይህ ማምለጫ የለውም። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1967 ስለ ፋሽን በጻፈው መጽሐፉ የተሰፋውን፣ ፎቶ የተነሣውንና የተጻፈውን ልብስ ይለያል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለው መጽሔት አንድ ቀን እጅዎ ከገባ የሽፋኗን ልጅ ዘር ከመቁጠርዎ በፊት የተጻፈውን ልብስ፣ ማለትም ጽሑፉ ልብሱን እንዴት እንደሚገልጸው፣ ይፈልጉ። ጥለትን ለሌጎስ አንባቢ ከዮሩባዎቹ አሾ ኦኬ ጨርቅ ጋር አስተያይቶ የሚያስረዳ ከሆነ ለጎረቤት የተጻፈ ነውና ይግዙት። «የምሥራቅ አፍሪካ ምሥጢራዊ ጨርቅ» የሚል ካገኙ ግን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት።