ከተለካው በላይ አትጻፉ

የሳይንስ ዘጋቢ ለመሆን ለተነሣችሁ፣ በተለይም ፊዚክስንና የኳንተም ምርምርን መከታተል ለምትሹ ልጆቼ፣ ከሁሉ የማስቀድመው ምክር ይህ ነው፦ ከተለካው በላይ አትጻፉ። ዜናው ምንም ያህል ቢያስደንቅ፣ ኤዲተራችሁ ምንም ያህል ቢያጣድፋችሁ፣ ምን እንደተለካ፣ በምን እንደተለካና ልኬቱ በምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ሳትጠይቁ ብዕር አታንሡ።

አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለ የተመራማሪዎች ቡድን አንድ ውጤት ይፋ አደረገ። ጄኔቭ አጠገብ ካለው ሰርን ከተባለው የምርምር ማዕከል ተነሥተው፣ 730 ኪሎ ሜትር መሬቱን ሰንጥቀው ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ወዳለው ቤተ ሙከራ የሚሄዱት ኒውትሪኖ የተባሉት ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ ቀድመው የደረሱ መሰለ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ አንስታይን ተሳስቶ ይሆን እየተባለ ተጻፈ። ተመራማሪዎቹ ግን እንዲህ አላሉም። ለወራት መርምረን ስሕተቱን ማግኘት አቃተን፤ እናንተም ፈትሹልን ነበር ያሉት።

ያን ዕለት ቁጥሩን ይዞ ረጋ ብሎ የተቀመጠ ዘጋቢ ሁለት ነገር ማስተዋል ይችል ነበር። አንደኛ፣ ብርሃን በ60 ናኖሰከንድ የሚጓዘው 18 ሜትር ያህል ነው። ከ730 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ 18 ሜትር ልዩነት ከሰዓትም፣ ከሽቦም፣ ከርቀቱ አለካክም ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ በ1987 የታየው የኮከብ ፍንዳታ አለ። ከዚያ ኮከብ የተነሡት ኒውትሪኖዎች ከ160 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ተጉዘው ምድር ሲደርሱ ብርሃኑን የቀደሙት በጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር፤ ያውም ከኮከቡ ቀድመው ስለወጡ። በኦፔራው ፍጥነት ቢጓዙ ኖሮ በዓመታት መቅደም ነበረባቸው። የእነዚያ ኒውትሪኖዎች ጉልበት በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ይህ ብቻውን ክርክሩን አይቆርጠውም፤ ለመጠርጠር ግን ከበቂ በላይ ነው።

በየካቲት 2012 ነገሩ ተገለጠ። ከጂፒኤስ የሚመጣውን የጊዜ ምልክት ወደ ዋናው ሰዓት የሚያደርሰው የፋይበር ኬብል በደንብ አልተሰካም ኖሯል። ምልክቱ ስለዘገየ ኒውትሪኖዎቹ የቀደሙ መሰሉ። በዚያው ዓመት እዚያው ግራን ሳሶ ያሉ አራት ሙከራዎች እንደገና ለክተው ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት እንደማይበልጥ አረጋገጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። አፍሰው የለቀሙት ግን ለማመን የቸኮሉት ናቸው እንጂ ቁጥሩን ከነጥርጣሬው የዘገቡት ምንም አልፈሰሰባቸውም።

የኳንተም ኮምፒውተር ዜና ደግሞ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ገንዘብና የኩባንያዎች ፉክክር አለበት። በጥቅምት 2019 ጎግል፣ ሳይካሞር የተባለው ባለ 53 ኪዩቢት (የኳንተም መረጃ አሃድ) ማሽኑ በ200 ሰከንድ የጨረሰው ስሌት በጊዜው ኃያል ለነበረው ሱፐርኮምፒውተር 10,000 ዓመት ይፈጅበታል አለ። አይቢኤም ደግሞ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃዋል ብሎ ተከራከረ። ስሌቱም የማሽኑን አቅም ለመፈተን የተመረጠ እንጂ የማንንም ችግር የሚፈታ አልነበረም። ሥራው ትልቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ማሽኑ የትኛውን ስሌት ሠራ? ከምን ጋር ተወዳደረ? ተፎካካሪው ምን ይላል? እነዚህን ሦስቱን የማይመልስ ዘገባ ለኩባንያው ማስታወቂያ ሠራ እንጂ ዜና አልነገረም።

ስለዚህ ጥናቱን ከሠራው ቡድን ውጭ ላለ ባለሙያ ሳትደውሉ አትጻፉ። ስትደውሉም አልገባኝም ለማለት አትፈሩ፤ ሊቁ ደግሞ ቢያስረዳችሁ የሚጠቀመው አንባቢው ነው። የታወቀ መጽሔት ላይ መውጣቱም አያዘናጋችሁ። በ2018 ዴልፍት፣ ኔዘርላንድስ የሚሠራ ቡድን ለኳንተም ኮምፒውተር ተስፋ የተጣለበትን የማዮራና ቅንጣት ምልክት እንዳገኘ ኔቸር ላይ አሳተመ። ሰርጌይ ፍሮሎቭና ቪንሰንት ሙሪክ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ባለሙያዎች ጥሬውን ዳታ ጠይቀው መረመሩ፤ ድምዳሜውን የሚያጠራጥር መረጃ ተቆርጦ መቅረቱንም አዩ። ጽሑፉ በመጋቢት 2021 ተሰረዘ። ጥሬ ዳታው የት አለ ብሎ መጠየቅ የባለሙያዎች ብቻ ሥራ አይደለም፤ የእናንተም ነው።

አገላለጻችሁንም ጠብቁ። አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገር በ2022 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ምርምር፣ ተጣምረው የተፈጠሩ ቅንጣቶች ተራርቀውም ውጤታቸው በሚያስገርም ሁኔታ እንደሚዛመድ ያሳያል። በዚህ መንገድ ግን ከብርሃን የፈጠነ መልእክት መላክ አይቻልም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዘገባችሁ አታጉድሉ፤ ኳንተም የሚል ስም ለጥፎ ፈውስ የሚቸበችብ ሁሉ ሾልኮ የሚገባው እሷ በጎደለችበት በኩል ነው።

በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ ኃላፊነቱ ይከብዳል። በእንግሊዝኛ የተሳሳተ ዘገባ ቢወጣ አንባቢው በማግስቱ የሚያርመው ሌላ ጽሑፍ አያጣም። በአማርኛ ግን በዚያ ጉዳይ የተጻፈው የእናንተው ብቻ ሊሆን ይችላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እሱን አንብቦ ፊዚክስ ለመማር ይወስናል፤ መምህሩም እሱኑ ይዞ ክፍል ይገባል።

መታገሥ ዜና አያሳጣም። ላይጎ በተባለው የስበት ሞገድ መመልከቻ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሐዱ የላኩትን የስበት ሞገድ የመዘገቡት መስከረም 14 ቀን 2015 ነበር፤ ለዓለም ያበሠሩት ግን የካቲት 11 ቀን 2016 ነው። አምስት ወር ያህል ሲፈትሹ ቆይተው የተናገሩት ዛሬም እንደጸና አለ።

የዘገባችሁት ግኝት አንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል፤ የሳይንስ ጠባዩ ነው። ያን ዕለት ዝም አትበሉ። መጀመሪያ በጻፋችሁበት ገጽ፣ በዚያው ጉልህ ርእስ፣ መፍረሱን ንገሩ። አንባቢያችሁ ይህን አንድ ጊዜ ካየላችሁ ቀጣዩን ዜና አምኖ ያነብላችኋል።