ድመት ለምታበዙ የይፋት ልጆች

ስሙኝ ልጆቼ። የምናገረው ስለ ድመት ነው፤ ነገሩ አንሶባችሁ እንዳትስቁ። በየቤታችሁ ስገባ አራትም አምስትም ድመት አያለሁ። አንዷ ከመሶቡ ሥር፣ አንዷ ከአልጋው ላይ፣ ሌላዋ ከማሾው ጆንያ ላይ ተጋድማለች። ምነው ስላችሁ «ለአይጥ ነው አባባ» ትሉኛላችሁ። ለአይጥ ከሆነ አንዲት ትበቃለች። የተረፉትን ያቆያችኋቸው አንድም በስንፍና፣ አንድም ልጆች ስላለቀሱባችሁ ነው። የማቆየቱ ዕዳ ሲመጣ ደግሞ አፍ በሌለው ፍጡር ላይ ትጥሉታላችሁ። ያስቆጣኝ ይህ ነው።

ድመት አያስፈልግም አልወጣኝም። ይፋት የእህል አገር ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁል ከወረዱ በኋላ ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ሁሉም ማሽላና ጤፍ፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚበቅልበት ቆላ ነው። እህል ካለ አይጥ አለ። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲቀር የሜዳው አይጥ ሳይቀር ወደ ቤት ይገባል። ድመት በሌለበት ጎተራ ማን እንደሚከርም ከእናንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ነገር ግን ድመት ተባብራ የምታድን አውሬ አይደለችም። የምታደፍጠው ብቻዋን፣ የምትይዘውም ለራሷ ነው። ክልሌ የምትለው ቦታ አላት፤ ሌላ ድመት ሲገባባት ትጣላለች፤ ድንበሯን ለማስታወቅም በግድግዳው፣ በበሩና በጆንያው ላይ ሽንቷን ትረጫለች። አምስት ድመት በአንድ ጠባብ ቤት አስገብታችሁ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በዚህ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ስታፍኗቸው ደካማዋ ከምግቡም ከማረፊያውም ትገፋለች። ድመት የምትጸዳዳው በእግሯ ጭራ የምትሸፍንበት ልል ነገር ፈልጋ ነው። የተገፋችው ድመት ከተከመረው ማሾ የተሻለ ልል ነገር ከየት ታመጣለች?

እህል ገዢ መጥቶ ጆንያችሁን ሲፈታ አይታችኋል። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከሥር ይዘግናል፤ መዳፉን ገልጦ ፍሬውን ያገላብጣል፤ ከዚያ ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። አንዴ ከሸተተው ቃል አይናገራችሁም፤ መልሶ አፍስሶ እጁን ይጠርግና ወደ ቀጣዩ ሻጭ ያልፋል። ዓመት ሙሉ የለፋችሁበትን ማሾ ያከሰረባችሁ አይጥ አይደለም፤ አይጥን ይጠብቁልኛል ያላችኋቸው ድመቶች ናቸው።

ደግሞስ ማሾን በጎተራ የሚጨርሰው ዋናው ጠላት ነቀዝ አይደለም እንዴ? ነቀዝን የትኛዋ ድመት ትይዝላችኋለች? ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእግር ማቆም፣ እግሮቹን አይጥ እንዳይወጣባቸው በቆርቆሮ መጠቅለል፣ ከሥሩ የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ መጥረግ፣ ማሾውን በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ማሰር፣ ይህ ነው ሥራው። ይህን ሥራ ሸሽታችሁ ድመት ትጨምራላችሁ። ሳይበቃችሁ የአይጥ መርዝ ትበትናላችሁ፤ መርዙን የበላውን አይጥ ድመቷ ትበላና ደጃፋችሁ ላይ ተንፈራግጣ ትሞታለች።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ይህን ልብ ብላችሁ አድምጡ። ድመት የምታረግዘው ለሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ትወልዳለች። የተወለደችዋ ሴት ደግሞ ገና በ5 ወይም በ6 ወሯ ማርገዝ ትችላለች፤ ከወንድሟም ሆነ ከሌላ መለየት አታውቅም። ብርድ ባለበት በሰሜኑ ዓለም ክረምት ሲገባ ቀኑ በጣም ስለሚያጥር ድመቶች መፈላለጋቸውን ያቆማሉ። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነን፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የይፋት ድመት ዓመቱን ሙሉ ትወልዳለች። ሁለት ሴቶች በዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ አራት አራት ቢወልዱ 16 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ዓመቱ ሳይሞላ የሚወልዱትን ሳልቆጥር። የትኛው ወተት፣ የትኛው ፍርፋሪ ይበቃቸዋል? የጎረቤታችሁን ጫጩት ሲለቅሙ ማን ሊከፍል ነው? በዶሮዋ የምትተዳደር ባልቴት ደጃፍ ላይ ላባ ተበትኖ ሳይ እኔ አፍራለሁ፤ እናንተ ግን «ድመት አይደለች፣ ምን ይደረጋል» ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ከዚያ በኋላ የምታደርጉትንም አውቃለሁ። ዓይናቸውን ያልገለጡትን የድመት ልጆች በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ፣ አፉን አስራችሁ፣ ወይ ሮቢ ወንዝ ዳር፣ ወይ የጭነት መኪና ከሚግተለተልበት የደሴ መንገድ ዳር ትጥሏቸዋላችሁ። በጨለማ የምታደርጉት ለምንድን ነው? ነውር መሆኑን ልባችሁ ስለሚያውቅ ነው። ሙስሊሙ ልጄ፣ ድመት ዘግታ ሳታበላት፣ ወጥታ የምድርን ነፍሳት እንዳትበላም ከልክላት ስለገደለች ሴት ነቢዩ የተናገሩትን ከመድረሳ ጀምሮ ሰምተኸዋል፤ ሴትዮዋ በዚያ ኃጢአት እሳት እንደገባች ታውቃለህ። ክርስቲያኑ ልጄ፣ አንተም ብትሆን ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚራራ መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12ን ሲያነቡልህ አድገሃል። በዚህ አገር ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ሰፈር ሲኖሩ በዚህ ነገር አንድ ቃል ነው ያላቸው። ማዳበሪያውን ስታስሩ የምታመካኙበት እምነት የላችሁም።

አንቺ ነፍሰ ጡሯ ልጄ ደግሞ ለብቻሽ ስሚኝ። በድመት ኵስ የሚወጣ ዓይን የማያየው ተሐዋሲ አለ። አይጥና ጥሬ ሥጋ የምትበላ ድመት ይይዛትና ለተወሰኑ ሳምንታት በብዛት ታወጣዋለች። በእርግዝናሽ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዘሽ ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል፤ ፅንሱን ያስወርዳል ወይም የሕፃኑን ዓይንና አእምሮ ይጎዳል። ኵሱ እንደወጣ አይጋባም፤ ለመጋባት ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው ይቀንሳል፤ ግን የምትጠርጊው አንቺ አትሁኚ፣ ባልሽ ይጥረገው። አንዲት ድመት ብትኖር ይህ ይቻላል። አምስት ሲሆኑ ማን የትኛዋ የት እንደወጣች ያውቃል? ድመቶቹ ደግሞ የተኮተኮተ መሬት ስለሚወዱ የሽንኩርቱና የቲማቲሙ መደብ ውስጥ ይገባሉ። እርጥብ አፈር ላይ ተሐዋሲው ለወራት ይቆያል። አትክልቱን ሳታጥቢ አትቁረጪ፤ አፈር ከነካሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ቁርጡንም እስክትገላገዪ ድረስ ተዪው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታም ልጨምር፤ ውሻ ብቻ የሚያስይዝ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። ያበደ ውሻ የነከሳት ድመት ታብዳለች፤ ሰውም ትነክሳለች። ሌሊት በየግቢው እየዞሩ የሚጣሉ ብዙ ድመቶች ያሉት ቤት ለዚህ የተጋለጠ ነው። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል፤ «ቧጨረችኝ እንጂ አልነከሰችኝም» እያላችሁ ትዘናጋላችሁ። የነከሳችሁን ቦታ ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ቀድሞ ፓስተር የምንለው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ክትባቱን ለብዙ ዓመታት ሲያመርት የኖረው ይህ በሽታ በአገራችን ሰው ስለሚጨርስ ነው። ጠበል ከመሄድ አልከለክላችሁም፤ መጀመሪያ ግን ክትባቱን ውሰዱ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የምታደርጉትን ልንገራችሁ። ለጎተራው የምትበቃችሁን አንዲቱን ለዩ፤ ብርቱዋን እንጂ ቆንጆዋን አትምረጡ። የቀሩትን ድመት ወደሌለው ባለ ጎተራ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱና ፈቃዱን ጠይቃችሁ አስረክቡ፤ በሌሊት በአጥር ወርውራችሁ እንዳትመለሱ። ልጆቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ። የምታስቀሯትን ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስዳችሁ ስለ እብድ ውሻ ክትባትና ስለ ማምከን ጠይቁ፤ ወንድ ከሆነ ማኮላሸቱ ቀላል ሥራ ነው። ባለሙያው ለበሬና ለፍየል እንጂ ለድመት የሚመጣ ሰው ስላልለመደ ሊገረም ይችላል፤ ይገረም። ለልጆቻችሁም አንድ ድመት መንከባከብን አስተምሯቸው፤ ምግቧን ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት፣ ውኃዋን መቀየር፣ ኵሷን ጠርጎ መቅበር የእነሱ ሥራ ይሁን። በሚቀጥለው ሳምንት በየቤታችሁ እየዞርኩ እቆጥራለሁ።