ትንሽነት፦ ስጦታ ወይስ ዕዳ?

ሠሪ ለሠራው ነገር ተጠያቂ መሆኑን የሚክድ የለም። ሳይሠራ ለተወው ነገርስ? አናጺ መስኮት ሳያወጣለት በተወው ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ጨለማውን የማን ጥፋት ይለዋል? ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም በየዘመኑ አዲስ መድረክ አያጣም። ሉዋ ስለተሰኘችው ትንሽ የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራመሮች ከሠላሳ ዓመታት ለበለጠ ጊዜ ሲከራከሩ የኖሩትም፣ ላይ ላዩን የሙያ ጉዳይ ቢመስልም ውስጡ ይኸው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ሉዋ እ.ኤ.አ. በ1993 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተወለደች። ወላጆቿ ሮቤርቶ ኢዬሩዛሊምስኪ፣ ሉዊዝ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶ እና ቫልደማር ሴሌስ ናቸው። ብራዚል እስከ 1992 ድረስ የኮምፒውተር ዕቃና ሶፍትዌር ከውጭ እንዳይገባ በብርቱ ትገድብ ስለነበር፣ የሚፈልጉትን በገዛ እጅ መሥራት በዩኒቨርሲቲው የተለመደ ነበር። ሦስቱም ቋንቋውን ያዘጋጁት ፔትሮብራስ ለተባለው የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ሥራ ነው። ከርሷ በፊት የነበረችው ቋንቋ ስሟ «ሶል» ነበር፤ በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ማለት ነው። ተከታይዋን «ሉዋ»፣ ማለትም ጨረቃ አሏት።

ጨረቃ የራሷ ብርሃን እንደሌላት ሁሉ፣ ሉዋም ብዙውን ጊዜ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ በእንግድነት ትኖራለች። ትልቁ ፕሮግራም በሌላ ቋንቋ ይጻፋል፤ ተጠቃሚው እንደየፍላጎቱ ሊለዋውጠው የሚገባው ክፍል ግን ለሉዋ ይተዋል። በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ተጫዋቾች የገጹን መልክ በሉዋ እንዲያሻሽሉ ፈቅዶላቸዋል። እንግዳ ደግሞ ጓዙ ቀላል ሲሆን ይወደዳል። የሉዋ ጓዝ በእርግጥም ቀላል ነው፦ መላ ምንጯ ወደ 30,000 የሚጠጋ መስመር ብቻ ሲሆን፣ የቋንቋው የተከለሉ ቃላት 25 አይሞሉም። ሌሎች ቋንቋዎች በአምስትና በስድስት ዓይነት መዋቅር የሚሠሩትን፣ እርሷ «ቴብል» በሚባል በአንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ትፈጽመዋለች።

የሚያመሰግኗት ፕሮግራመሮች ይህንኑ ያወድሳሉ። ቋንቋዋን በጥቂት ቀናት ተምሮ ሙሉ በሙሉ በአእምሮ መያዝ ይቻላል ይላሉ፤ ሠሪዎቿ ለተጠቃሚው የሥራ መሣሪያ እንጂ የሥራ ደንብ አልሰጡትም፤ እንደ አዋቂ ሰው አመኑት።

የሚነቅፏትም የሚያነሡት ያንኑ ትንሽነት ነው። አንድን ጽሑፍ በነጠላ ሰረዝ ከፋፍሎ ለመዘርዘር የሚያስችል ዝግጁ መሣሪያ የላትም፤ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ይጽፋል። ቅድሚያ ያልተዋወቀ ስም ሁሉ ለመላው ፕሮግራም የጋራ ይሆናል፤ ስለዚህ አንዲት ፊደል የተሳሳተበት ስም ሳይታወቅ እንደ አዲስ ስም ይቆጠራል። ዝርዝርን ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ቋንቋዎች ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ ጀምራ ትቆጥራለች።

እንግዲህ አንዱ ነጻነት ያለውን ሌላው ጥለውን ሄዱ ይለዋል። የቱ ነው ትክክል? ነቀፋዎቹ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ስላልሆኑ፣ ለየብቻ ማየት ይገባል።

የቁጥሩ ነገር ከልማድ የሚያልፍ አይደለም። ታዋቂው የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1982 በጻፈው አጭር ማስታወሻ ከዜሮ መጀመር የተሻለ መሆኑን ተከራክሯል። ነገር ግን የሉዋ የመጀመሪያ ተገልጋዮች መሐንዲሶች እንጂ የፕሮግራም ባለሙያዎች አልነበሩም፤ መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት ፎርትራንም በተለምዶ ከአንድ ይጀምራል። ዜሮ የሌለውን የግዕዝ አኃዝ የሚያውቅ አንባቢም ከ፩ መጀመርን እንግዳ ነገር አይለውም። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አልበደለም።

የተጓደለው መሣሪያ ግን ከበድ ይላል። የሠሪዎቹ መልስ የታወቀ ነው፦ ሦስቱም ካልተስማሙ ምንም ነገር ወደ ቋንቋው አይገባም፤ የጎደለውን በኋላ መጨመር፣ የገባውን ከማውጣት ይቀላልና። በዚህ ላይ የተጨመረ ሁሉ የማይፈልገውም ሰው የሚሸከመው ይሆናል። ይህ ቅን ምክንያት ነው። ሆኖም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ይገለበጣል። ሥራው ለብዙዎች ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ ጌጥ በሆነ ነበር፤ የሆነው ግን ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ ሃምሳ ሎሚ መሸከሙ ነው። ቢሆንም ሸክሙ የሚታይ ሸክም ነው። ተጠቃሚው የጎደለውን ያውቃል፤ የሚሠራበት መሣሪያም በእጁ አለ። ሊያማርር ይችላል፤ ተታለልሁ ሊል ግን አይችልም።

ሦስተኛው፣ የስሞቹ ጉዳይ፣ ከሁለቱ ይለያል። ፊደል የሳተው ሰው መሳሳቱን የሚነግረው የለም። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ጉዳቱ ከወራት በኋላ ምናልባትም በሌላ ሰው እጅ ይፈነዳል። በእምነት ስም የተሰጠው ነጻነት እዚህ ላይ ወጥመድ ይሆናል፤ ሰው አይቶ የሚመርጠውን እንጂ የማያየውን ነገር በነጻነት መረጠ አይባልምና። ከልምድ ይማራል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ነገር ግን አዋቂው የተማረው ቀድሞ ወድቆ ነው፤ የወደቀበትን ጉድጓድ ለጀማሪው እንደ ትምህርት ቤት መቁጠር ደግሞ የደግ ሰው ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ትንሽነት በራሱ ምግባር አይደለም፤ በራሱ ጥፋትም አይደለም። መለኪያው የተተወው ነገር ለሚሸከመው ሰው የሚታይ መሆኑ ነው። በግልጽ የተተወ ነገር ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ተሰውሮ የተተወ ግን በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ዕዳ ነው።

ሠሪዎቹም ይህን የዘነጉ አይመስልም። በ2025 መጨረሻ በወጣው 5.5 እትም፣ የጋራ ስሞችን አስቀድሞ የማሳወቂያ ሥርዓት ጨመሩ። አሮጌው ልማድ አልተሻረም፤ መጠንቀቅ የሚፈልግ ሰው ግን በስሕተቱ ላይ መብራት ማብራት ይችላል። ሦስቱ ሰዎች ለመጨመር ሠላሳ ዓመት ያህል መዘግየታቸው የሚያስነቅፋቸው አለ፤ እምቢ ማለት የለመደ ሰው በመጨረሻ እሺ ሲል ቃሉ ክብደት ይኖረዋል የሚልም አለ።

ክርክሩ በዚህ የሚዘጋ አይደለም፤ መዘጋትም የለበትም። ሕግ የሚያረቅ፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ አንድ ነገር ይሰጣል፤ አንድ ነገርም ይተዋል። ለሰጠው ምስጋና ይጠብቃል። ለተወው ግን፣ ቢያንስ ቢያንስ፣ መተዉን መናገር ይኖርበታል። አናጺው መስኮት ላያወጣ ይችላል፤ ግድግዳው የቱ ጋ እንደሚሳሳ ካሳየ ግን፣ ነዋሪው መስኮቱን ራሱ ያወጣል።