«ይመቻል» እና «ያድናል»

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሯጭ የለም። እንደኔ ለጤናውና ለደስታው የሚሮጥ ሰው ደግሞ ታሪኩን ለሌላ ነገርም ይጠቀምበታል፤ ለክርክር። አንዱ አዲስ ኢንሶል፣ ባት ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ካልሲ ወይም እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ነጠላ ጫማ አሳይቶን «እንዴት ነው?» ሲለን «አበበ ምን አድርጎ ነበር?» እንላለን። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

አላለቀም ግን። አበበ ሮም ላይ የገባው በ2:15:16 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ገደማ ሆኖት፣ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2:12:12 ገባ። መንገዱም አየሩም ሌላ ስለነበር ጫማው ነው ያፈጠነው ማለት አይቻልም። በባዶ እግር መሮጥ ይሻላል ማለት ግን ጭራሽ አይቻልም። ሮም ላይ ጫማ የተወው ደግሞ፣ እንደሚነገረው፣ የተገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው እንጂ ፍልስፍና ስለነበረው አይደለም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትሮጥ እግሯ ላይ የነበረው ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ ነበር። ሰዓቷ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ19 ሰከንድ ይፈጥናል። ስለዚህ ተጠራጣሪ ነኝ የሚል ሰው ጥርጣሬው ከየት እንደሚጀምር ማወቅ አለበት። «ዕቃ ሁሉ ውሸት ነው» ማለት ጥርጣሬ ሳይሆን ሌላ ዓይነት እምነት ነው።

የእሽቅድምድም ጫማ እንድታምንበት አይጠይቅህም። የካርቦን ሳህን ያላቸው ጫማዎች ሲመጡ ሯጮች ማሽን ላይ እየሮጡ የሚጠቀሙት ኦክስጅን ተለካ፤ በመጀመሪያው ታዋቂ ጥናት ቁጠባው በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የማገገሚያ ዕቃ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ዋናው መለኪያ «አሁን ምን ይሰማሃል?» የሚል ጥያቄ ነው።

ይህንን ሁሉ እንዳስብ ያደረገችኝ ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። «አንተ ደሞ ሩጫ ትወዳለህ» ብላ አንድ ፌስታል ሙሉ ይዛልኝ መጣች፤ ወፍራም ነጠላ ጫማ፣ ኮምፕረሽን ካልሲ፣ ኢንሶል፣ እንደ መሰርሰሪያ የሚንቀጠቀጥ የማሳጅ ማሽን። ሦስት ወር ሞከርኳቸው።

ነጠላ ጫማው ደስ ይላል። ከሱሉልታ ረጅም ሩጫ በኋላ የሳሎን ሴራሚክ ላይ በባዶ እግር መራመድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ይህ ግን ደመና ነው። ብዙም አልቆየልኝም። እናቴ አንድ እሁድ ቅዳሴ ቆማ ስትመጣ አጠለቀችው፣ በዚያው የሷ ሆነ። «ውይ፣ እግዜር ይስጣት» አለች፤ ሌላ አስተያየት አልነበራትም። ማስረጃም አልጠየቀች።

ኢንሶሉ ግን ማሸጊያው ላይ ብዙ ይናገራል። ድካም ይቀንሳል፣ ጉዳት ይከላከላል፣ የሰውነት አቋም ያስተካክላል። እኔ ያደግኩበት ሙያ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያሳልፍም። ከመርካቶ በጣም ርካሹን ሌላ ኢንሶል ገዛሁ፣ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጨርቅ አለበስኳቸው፣ እህቴ በየማለዳው ሳንቲም እየጣለች አንዱን ጫማዬ ውስጥ እንድታስገባና እንድትመዘግብ ለመንኳት። («ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማርከው?» ብላኛለች።) ስመለስ የትኛው እንደነበር እገምታለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግምቴንና መዝገቧን ስናስተያይ ሳንቲሙ ራሱ ቢገምት ከኔ አይተናነስም ነበር። ሁለቱም ይመቻሉ። ውዱን ከርካሹ የለየልኝ ዋጋው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ተጭበረበርኩ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ግን ምኑ ላይ? «ይመቻል» የሚለው ላይ አይደለም፤ ተመችቶኛል። ምቾት ከሌሎች ነገሮች የሚለየው በዚህ ነው፤ ከተሰማህ አለ። «የተመቸህ መሰለህ እንጂ አልተመቸህም» የሚል ዓረፍተ ነገር ትርጉም የለውም። «ያድናል»፣ «ይከላከላል» የሚለው ግን ስለ ነገና ስለ አጥንትና ጅማት የሚናገር ነው፤ እኔ ምንም ቢሰማኝ ሊሳሳት ይችላል። ገበያው የሚሠራው ሁለቱን በማጣበቅ ነው። መጀመሪያ እግርህን ያስገባሃል፤ «እንዴት ነው፣ አይመችም?» ይልሃል፤ «ይመቻል» ትላለህ፤ ከዚያ በዚህችው እውነተኛ ቃልህ መያዣነት ሌላውን ያልተመሰከረለትን ሁሉ ይሸጥልሃል።

ታዲያ እኛስ ለምን ምቾቱን ብቻ አንገዛም? እኔ እንደሚመስለኝ ስለምናፍር ነው። የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ «ደስ ስለሚለኝ» ብሎ ማውጣት ያሳፍራል። «ለማገገም ነው» ሲባል ግን ወጪው ሥራ ይሆናል። በኔ ሙያም እንቅልፍ እንኳን በራሱ አይከበርም፤ «ውጤታማ ያደርጋል» ተብሎ ነው የሚፈቀደው። ድሮ ግን የመንገድ እንግዳ ሲመጣ ለብ ያለ ውሃ ቀርቦለት እግሩ ይታጠብ ነበር፤ ያጠበውም የታጠበውም ይህ ነገር ለነገ ጉዞ ስንት በመቶ ይረዳል አላሉም። ደክሞሃል፣ እግርህን አምጣ፤ ይኸው ነው። የጸሎተ ሐሙስ ሥርዓትም ውስጥ የሚታጠበው እግር ከመታጠቡ ሌላ ምንም ማስረጃ አይጠበቅበትም። ምቾት ለራሱ የሚበቃ ነገር ነበር። አሁን የሳይንስ ካፖርት ካልደረበ ከቤት መውጣት አልቻለም።

ይህን ካልኩ በኋላ ነገሩን የሚያበላሽብኝን ጥናት ላንሳ። ሜልበርን ውስጥ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ነው። 30 ወንዶች ከባድ ልምምድ ሠርተው ለ15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ተቀመጡ። አንዱ ቡድን 10 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሌላው ለብ ባለ ውሃ፣ ሦስተኛው በዚያው ለብ ባለ ውሃ፤ ለዚህኛው ቡድን ግን ውሃው ላይ ለማገገም የሚረዳ ዘይት እንደተጨመረበት ተነገረው። የተጨመረው የቆዳ መታጠቢያ ሳሙና ነበር። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት የጭናቸው ጉልበት በመሣሪያ ሲለካ ሳሙናው ከቀዝቃዛው ውሃ እኩል ሠራ፤ ከባዶው ለብ ያለ ውሃ በለጠ። የተለካው የስሜት መጠይቅ ብቻ ሳይሆን የጡንቻ ጉልበት ነው።

እንግዲህ የኔ ሥርዓታማ ክፍፍል ተናጋ። እምነቱ ራሱ እግር ውስጥ ገብቶ ከሠራ «ያድናል» የሚለው ውሸት ነው ልበል? ደግሞም ከባድ የሆነ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይመጣል። ሳሙናው ሳሙና መሆኑን የማውቀው እኔ ብሆን፣ ውሃው ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

ይህ ለኔ የወረቀት ጥያቄ አይደለም። አንዳንድ ጠዋት አብሮኝ የሚያሟሙቅ አንድ ወጣት አለ። አብሮኝ ይሮጣል አልልም፤ እሱ እውነተኛ ሯጭ ነው፣ ማሟሟቂያው የኔ ሙሉ ፍጥነት ነው። ክለቡ የሚሰጠው ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፣ አንድ ጥሩ ውድድር ሕይወቱን ሊቀይረው ይችላል። በሰው ሰው ያገኘውን ኮምፕረሽን ካልሲ ያደርጋል። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ እኔ ዞሮ «ኢንጂነር፣ አንተ ታውቃለህ፤ ይሄ ነገር የእውነት ይሠራል?» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ አየር እየተሞላ እስከ ጭን ድረስ እግር የሚጨምቀውን ቦት አንድ ሰው በዱቤ ሊሸጥለት እንደሆነ ነገረኝ።

ዝም የማለት ክርክር ጠንካራ ነው። እግሩ ቀሎታል። ቀለለኝ ብሎ የቆመ ሯጭ መስመሩ ላይ ሲቆም ያ ቅለት ንብረቱ ነው። እኔ ማን ነኝ የምወስድበት? እንጦጦ ማለዳ የሚሮጥ ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከጠበል ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ይተላለፋል። አስቁሜ «ማስረጃ አላችሁ?» ብዬ አላውቅም፣ ወደፊትም አልልም። ፈርቼ አይደለም። ጠበሉ በላቦራቶሪ ስም አልመጣላቸውም፤ የመጡት በሙሉ ሕይወታቸው ነው፣ የሚነጋገሩትም ከኔ ጋር አይደለም። ቦቱ ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ «የደም ዝውውርን በዚህን ያህል» እያለ ነው የመጣው። በሳይንስ ስም የመጣ ነገር በሳይንስ ቢጠየቅ ቅር ሊለው አይገባም።

ሁለተኛ ነገር አለ፤ ለኔ ይህ ነው የሚከብደው። «ምን ይጎዳል?» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ከጉልበት ልምምድ በኋላ ለ12 ሳምንት ቀዝቃዛ ውሃ የገቡ ሰዎች ጡንቻቸውም ጉልበታቸውም ካልገቡት ያነሰ እንዳደገ አሳይቷል። ድካሙ ራሱ ሰውነቱን «ገንባ» እያለው ነበር፣ ውሃው ቀድሞ ዝም አሰኘው። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ማንቂያ ሲልክ ጩኸቱን የሚያጠፋ አለ፣ የጮኸበትን ምክንያት የሚያጠፋ አለ። በዚያ ሰዓት ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም እንቅልፍ ይሰጣሉ። የልጁ ግራ ተረከዝ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ እንደሚወጋው በጨዋታ መሀል ነግሮኛል። ኢንሶል ደርቦበት «አሁን ብዙም አይሰማኝም» ብሏል። ምቾቱ እውነት ነው። ማንቂያው ደግሞ ጠፍቷል።

እና ስለጠየቀኝ ነገርኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ ሰው ደስታ ላይ ውሃ መድፋት አልወድም፤ የእናቴን ነጠላ ጫማ በተመለከተ አንድም ቃል አይወጣኝም። የጠየቀ ሰው ግን እምነቱን ራሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፤ አይቶ መልስልኝ ብሏል። ያን ጊዜ ለሱ ጥቅም ብዬ ብዋሸው «አንተ እውነቱን መሸከም አትችልም» ማለቴ ነው። በየቀኑ 30 ኪሎ ሜትር የሚሸከም ሰው።

መናገር ሁሉን ያፈርሳል የሚለው ፍርሃትም እንደሚታሰበው አይደለም። በ2010 የሃርቫርዱ ቴድ ካፕቻክና ባልደረቦቹ የአንጀት ሕመም ላለባቸው 80 ሰዎች ሙከራ አድርገው ነበር። ለተወሰኑት መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጧቸው፣ መድኃኒት እንደሌለበትም በግልጽ ነገሯቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክኒኑን ከወሰዱት 59 በመቶው በቂ እፎይታ አገኘን ሲሉ ካልወሰዱት 35 በመቶው ብቻ እንደዚያ አሉ። አንጀት እግር አይደለም፣ ብዙ አልጎትተውም። ግን እውነትና እፎይታ የግድ አንድ ወንበር ላይ የሚጋፉ ጠላቶች እንዳልሆኑ ያሳያል።

ለልጁ የነገርኩት በአጭሩ ይህን ነው። ካልሲው ከተመቸህ አድርገው፣ ውድድሩ ቀንም አድርገው፤ መመቸቱን ማንም ሊከራከርህ አይችልም። ቦቱን በዱቤ አትግዛ፤ በዚያ ብር እንቁላልና ሥጋ ብላ፣ ከሰዓት ተኛ። ተረከዝህን ደግሞ ኢንሶሉን አውጥተህ የክለባችሁ ወጌሻ ይየው። የሜልበርኑንም ታሪክ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው በትኩረት ሰማኝና «ኢንጂነር» አለኝ፣ «ያ ሳሙና አዲስ አበባ ይገኛል?»

ሳቅን። ቦቱን አልገዛም፤ ወጌሻው ጋር ለማክሰኞ ተቀጥሯል።