ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት

ልጄ፣ ካንሰር ይዞት የነበረው ማንቁርትህ የወጣበት ቁስል መድረቁን፣ በአፍንጫህ ገብቶ የነበረው የምግብ ቱቦም መውጣቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሆመቾ ተመልሰህ በገዛ ቤትህ ማደርህም ትልቅ ነገር ነው። ጠያቂ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ ከጊምቢቹም ከሆሳዕናም የሚመጣው ሁሉ ምክር ይዞ ነው የሚመጣው። እኔም ምክር ይዤ ነው። ግን እኔም እንዳንተ በአንገቴ ነው የምተነፍሰውና ትንሽ ታገሠኝ።

መጀመሪያ የማነሳው የፓቶሎጂውን ወረቀት ነው። ከአንገትህ ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ የተላከው ሥጋ ውጤት ደርሷል? ደርሶ ከሆነስ ማን ሰማው? በአገራችን ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም አጎት ኮሪደር ላይ ተጠርቶ ይነገረውና፣ «እንዳይደነግጥ» ተብሎ ከታማሚው ይደበቃል። ከፍቅር እንደሆነ አይጠፋኝም። ነገር ግን ጨረር ልውሰድ ወይስ ልተው የሚለው ውሳኔ ያንተ ነው፣ ያልተነገረህን ነገር ደግሞ ልትመዝነው አትችልም። ታላቅ ወንድምህን አስቀምጠህ «ውጤቱን ራሴ መስማት እፈልጋለሁ» ብለህ በወረቀት ጻፍለት። ሲነግሩህም ቅጂውን ተቀበልና ከካርድህ ጋር አኑር።

ወረቀቱ ላይ ቀድመህ የምትጠይቀው ስለተቆረጠው ሥጋ ጠርዝ ነው። አረም ስትነቅል ሥሩ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ከቀረ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ጠርዙ ላይ የካንሰር ሴል ከታየ ውስጥ የቀረ ሊኖር ይችላል። ከዚያ የአንገትህን ንፍፊቶች ጠይቅ፤ ስንቱ ተመረመረ፣ በስንቱ ተገኘ፣ የንፍፊቱን ሽፋን ጥሶ ወጥቷል ወይ? ዕጢው ትንሽ ከነበረ፣ ጠርዙ ንጹሕ ንፍፊቶቹም ነጻ ከሆኑ፣ ሐኪሙ «ሌላ ሕክምና አያስፈልግህም፣ እየተመላለስክ ትታያለህ» ሊልህ ይችላል። ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጠው የተዉህ እንዳይመስልህ፤ ጨረር የራሱ ጉዳት ስላለው ያለ ምክንያት አይሰጥም። ንፍፊት ውስጥ ከተገኘ ወይም ዕጢው ማንቁርቱን ጥሶ ወጥቶ ከነበረ ግን ጨረሩ ይመከራል። ጠርዙ ንጹሕ ካልሆነ ወይም የንፍፊቱ ሽፋን ከተጣሰ ደግሞ ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞ አብሮ ይታሰባል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን ስለሚጎዳ ሁሉም ሰው አይችለውም፤ አቅምህ ታይቶ ነው የሚሰጠው።

ጨረሩ የሚያስፈልግህ ከሆነ ነገሩ የቀን ጉዳይ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። እኛ ግን ወረፋ ያለበት አገር ውስጥ ነን። ጥቁር አንበሳ ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ ዛሬ ጅማን የመሰሉ ሌሎች ቢጨመሩም ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ «ቁስሉ በደንብ ይዳን፣ መስቀል ይለፍ፣ ቡናው ይሸጥ» እየተባለ ሳምንት አይቆጠር። ውጤቱ እጅህ በገባ ቀን ወደ ሐኪምህ ተመለስ፣ ሪፈርህን አጽፍ፣ ጥቁር አንበሳም ጅማም ቀን መቼ እንደሚገኝ በስልክ አስጠይቅ። የጤና መድን ደብተርህ የታደሰ መሆኑን እይ፤ መድኑ የሚሠራው የሪፈሩን ደረጃ ጠብቀህ ስትሄድ ነው።

አስተማሪ ስለነበርኩ ታሪክ ሳልነግርህ አላልፍም። አጼ ዮሐንስ እዚህ በነገሡበት ዘመን የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ ጉሮሮውን ታመመ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 የጀርመን ሐኪሞች ካንሰር ነው፣ ይቀደድ አሉ። ከእንግሊዝ የተጠራው ሐኪም ማኬንዚ ሥጋ ቆርጦ አስመረመረ፤ ምርመራው ካንሰር ስላላሳየ ቀዶ ጥገናው ቀረ። ሐኪሞቹ ሲከራከሩ ወራት አለፉ። በየካቲት 1888 መተንፈስ ሲያቅተው አንገቱን ቀደዱት፤ በመጋቢት ነገሠ፣ ድምፅ ስላልነበረው በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ ገዛ፣ በ99ኛው ቀን ሞተ። ቀድሞ ቢቀደድ ይድን ነበር ለማለት አልደፍርም፤ የዚያ ዘመን ቀዶ ጥገና ራሱ ብዙ ሰው ይገድል ነበር። ይህን የምነግርህ በአንተም ቤት ክርክር እንደሚነሳ ስለማውቅ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድምህ «ሕንድ ይሂድ፣ እኔ እልካለሁ» እንዳለ ሰምቻለሁ። ከሆሳዕናና ከዱራሜ የወጡት ልጆች ስንቱን ሰው እንዳሳከሙ አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው። እዚህ ወረፋው ከረዘመና ገንዘቡ በእውነት ካለ መሄዱ ስሕተት አይደለም። ግን መሬት ከመሸጡ በፊት ሐኪምህን «እዚያ የሚሰጠኝ እዚህ ከሚሰጠኝ በምን ይለያል?» ብለህ ጠይቅ። ገንዘቡም ለመሳፈሪያ ብቻ ሳይሆን ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ለማድረስ ይብቃ። መሀል ላይ የተቋረጠ ጨረር ጉዳቱን ትቶብህ ጥቅሙን ይወስድብሃል።

ጸሎትን በተመለከተ፣ እኔም የጸሎት ሰው ነኝ። በጉባኤ መካከል «ተፈውሰሃል፣ ሆስፒታል አትመለስ» የሚልህ ቢመጣ ግን በአክብሮት ስማውና ቀጠሮህን ጠብቅ። የሚጸልዩልህን ሰዎች ወረፋው እንዲቀልልህም እንዲጸልዩ ንገራቸው። ቁስሉ ላይ የሚቀባ ቅጠል፣ ከኬሞ ጋር የሚጠጣ ሥር የሚያመጣልህን አመስግንና አትንካው።

ጨረሩ ራሱ ሲሰጥ አያምም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየተኛህ፣ 30 ወይም 33 ጊዜ ያህል ነው። ሕመሙ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ አፍ ይቆስላል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ጣዕም ይጠፋል፣ የአንገት ቆዳ ይጠቁራል። ብዙ ሰው ትቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ስለሆነ፣ የማስታገሻ መድኃኒት ጠይቅ እንጂ ቀን አትዝለል። ከመጀመርህ በፊት ጥርስህን አሳይ። የተበላሸ ካለ ቀድሞ ተነቅሎ ቁስሉ መዳን አለበት፤ ከጨረር በኋላ የሚነቀል ጥርስ የመንጋጋ አጥንት እስከማበላሸት ይደርሳል። አዲስ አበባ ወይም ጅማ አንድ ወር ተኩል የምታድርበት ቤትም ከአሁኑ ይፈለግ። ዘመድ ከሌለ፣ አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን በካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመውን የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበር ምን ሊያግዝህ እንደሚችል ጠይቅ።

ለምግቡ ከእኛ አገር የተሻለ የት አለ? የቡላ አጥሚት በወተት ቀጠን ተደርጎ ሲሠራ ለቆሰለ ጉሮሮ የተፈጠረ ይመስላል። ስታገግም እናትህ አተካናውን በቅቤ ታለስልስልሃለች። ቡላ ብቻውን ግን ጉልበት እንጂ ሥጋ አይሆንምና እንቁላል፣ ወተትና የተፈጨ ባቄላ አይለይህ። ሚጥሚጣውና ትኩሱ ቡና ለጊዜው ይቅሩ።

ስለ አንገትህ ቀዳዳ ነርሷ ያሳየችህን አትርሳ፤ እኔ ቤት ውስጥ ያለውን ልጨምር። ከእንግዲህ አየሩን የሚያጣራና የሚያረጥብ አፍንጫ የለህም። ምድጃ ካለበት ክፍል ራቅ ብለህ ተኛ፣ ቀዳዳውን በእርጥብ ስስ ጨርቅ ሸፍን፣ በበጋ አቧራ ላይ ያለ ሻሽ አትውጣ። ወንዝ ውስጥ ገብቶ መታጠብ ቀርቷል። ማሽተትህ ስለሚቀንስ የሚቃጠል ነገር ቶሎ ላይሸትህ ይችላል፤ እሳት ያለበት ቤት ብቻህን አትተኛ። ራስህን ብትስት አየር የሚሰጥህ በአፍህ ሳይሆን በአንገትህ እንደሆነ ለሚስትህም፣ አብረውህ ለሚሠሩትም አስተምር። ሲጋራ ጨርሶ ይቁም፣ አረቄም እንዲሁ።

ድምፅህን በተመለከተ ማልቀስህን ነግረውኛል። አልቅስ፣ የሚያስለቅስ ነው፤ በተለይ መዘምራን ውስጥ ለኖረ ሰው። ግን ንግግር አላለቀም። አየር ወደ ምግብ መውረጃው ስቦ እንደ ማግሳት እየመለሱ መናገር ይቻላል፤ እኔ የማወራው እንዲህ ነው፣ ለመልመድም ጊዜ ይፈልጋል። አንገት ላይ ተይዞ የሚነዝር በባትሪ የሚሠራ መሣሪያም አለ፤ ወንድምህ ለአውሮፕላኑ ያሰበውን ገንዘብ ካልተጠቀመበት ይህን ይላክልህ። ማገገምህን እስክትጨርስ በስልክህ ጻፍ፤ እኔም በጽሑፍ እመልስልሃለሁ።

ጨረሩን ብትወስድም ባትወስድም ክትትሉን አትተው። በሽታው የሚመለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ዓመታት ነውና፣ በመጀመሪያው ዓመት ቀጠሮው በየወሩ ወይም በየሁለት ሦስት ወሩ ይሆናል። አንገት ላይ የተሰጠ ጨረር የታይሮይድ ዕጢን ስለሚያዳክም፣ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ የታይሮይድ ደም ምርመራ እንዲደረግልህ አስታውሳቸው። ድካም፣ ብርድና ውፍረት ከመጣብህ «የካንሰሩ ነው» ብለህ ዝም አትበል፤ የታይሮይድ ከሆነ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ይስተካከላል።